የይርጋ ቀኝ ጎን

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ አስካለ፣

እንደምን ከረማችሁ? እናቴስ እንዴት ናት? ልጄ ቤዛዊትስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኤርሚያስና ባለቤቱም ደህና ናቸው። የአጎቴ ልጅ መሆኑን ረስቶት እንደ ቄስ ነው የሚያስተናግደኝ፤ አልጋውን ለቆልኝ እነሱ ምንጣፍ ላይ ያድራሉ።

ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። በስልክ ስትጠይቂኝ «እሺ፣ ደህና» እያልሁ የምዘጋብሽም ወድጄ አይደለም። እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ጆሮዋ ስል ሆኗል፤ ከድምፄ ብቻ ትይዘኛለች። ኔትወርኩም እንደምታውቂው አንድ ቀን መጥቶ ሰሞን ሙሉ ይጠፋል። አብዱልሐሊም በሚኒባሱ ሲመላለስ ወረቀቱን በእጅሽ እንዲሰጥሽ ተነጋግረናል። የተሳፋሪውን ሁሉ ወሬ የሚያወራ ሹፌር ቢሆንም የሰው ደብዳቤ አይከፍትም።

ለጠየቅሽኝ፦ ሐኪም ቤቱ ተቀብሎኛል። ደሴ የተነሣሁትን ሲቲ ስካን ወስደውታል። ሌላም ሊያነሡኝ ይችላሉ። ከዚህ ሌላ የተባለ ነገር የለም። ሽንቴ ጠርቷል፤ ጎኔም ቀለል ብሎኛል።

ረዳቴ ብሩክ የሰለሞንን አይሱዙ ፍሬኑን ሳይፈትሽ ከጋራዣችን እንዳያስወጣ አደራ። እናቴ ከጠየቀችሽ ያው የሞተር ዕቃ ፍለጋ እንደ ሄድሁ ነው።

ባለቤትሽ ይርጋ


መርሳ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይርጌ፣

ሰላምታህ ደርሶናል። እኛ ደህና ነን። ማሽላው እየታጨደ ስለሆነ ገበያው ደምቋል፤ የሱቄም ጨርቅ ይንቀሳቀሳል። ቤዛዊት እማማ አጠገብ ነው የምትተኛው። ብሩክ ፍሬኑን ፈትሿል፤ እኔም ቆሜ አይቻለሁ፣ ባይገባኝም።

አሁን አንድ ነገር ልበልህ። ደሴ ሐኪሙ ዘንድ ብቻህን ገብተህ ስትወጣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርሁ። «ምን አለህ?» ስልህ «አዲስ አበባ የተሻለ መሣሪያ አለ፣ እዚያ ሂድ አለኝ» አልኸኝ። ከዚያ እስከ ውርጌሳ ድረስ በመስኮት እያየህ ቃል ሳትተነፍስ መጣህ። አንተ መኪና ውስጥ ዝም ብለህ አታውቅም። የሞተሩን ድምፅ ሰምተህ «ይኸ ነገር ቀበቶው ላልቷል» እያልህ ሹፌሩን የምታሰለች ሰው ነህ። ያን ቀን ያ አውቶቡስ እንደ በሽተኛ ሲያጓራ አልሰማኸውም።

ባለፈው ኔትወርክ መጥቶ ኤርሚያስ ደውሎ ነበር። «እንዴት ነው?» አልሁት። «ጠንካራ ሰው ነው» አለኝ። ስለ ጤነኛ ሰው እንዲህ ይባላል?

ዛሬ ጠዋት እማማን ሳጥባቸው «ይኸ ዕቃ አዲስ አበባ ከሌለ የት አገር ሊገኝ ነው?» አሉኝ። «ከውጭ እስኪመጣ ነው» አልኋቸው። ጾም በያዝን በማግስቱ ማለት ነው። ፊቴን አዩት፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እሳቸውን የምዋሻቸው አንተ ስላዘዝኸኝ ነው። እኔን የምትዋሸኝ ግን ማን አዞህ ነው?

አስካለ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስካልዬ፣

ይቅር በይኝ። ሰላምታውን ተይውና ወደ ነገሩ ልግባ።

የደሴው ሐኪም የነገረኝ እንዲህ ነው። ቀኝ ኩላሊቴ ላይ ያለው እጢ ካንሰር ይመስላል። አድጎ ጉበቴን የነካም ይመስላል። ጉበት ውስጥ ገብቶ ከሆነ ኦፕራሲዮን ብዙም ላይጠቅም ይችላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበሩን አስጠግቶ ነው የነገረኝ። «እርግጠኛ ለመሆን በደም ሥር መድኃኒት እየገባ የሚነሣ ሌላ ምስል ያስፈልጋል፤ የደም ምርመራህ ኩላሊትህ እንደ ደከመ ስለሚያሳይ እኔ እዚህ አልደፍረውም» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ እኔ ይዤ የወጣሁት «ጉበት» የሚለውን ብቻ ነው።

እዚህ ዶክተር ህሊና የምትባል የምስል ሐኪም አለች። ሥራዋ የሰውን ሆድ ሳይከፈት ማንበብ ነው። የደሴውን ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሁሉም ግራጫ ነው። «ይኸ ጉበትህ ነው፣ ይኸ እጢው። የት ላይ ነው የሚለያዩት?» አለችኝ።

አፍጥጬ ባይ ምንም አላይ አልሁ።

«እኔም አይታየኝም» አለች። «ስለዚህ ተጣብቀዋል አልልህም፣ አልተጣበቁም አልልህም። በዚህ ምስል ማንም ሊልህ አይገባም።»

ሞተርና ካምቢዮ ዘይትና አቧራ ሲጋገርባቸው አንድ ብረት መስለው እንደሚታዩት ማለት ነው። መጋጠሚያው የሚገኘው ታጥበው ነው። መድኃኒቱም እንደዚያ ነው፤ ደም በብዛት የሚሄድበት ቦታ ሲበራ ሌላው ይጨልማል፣ ወሰኑም ይወጣል። ማወቅ የሚፈልጉት እጢው ከኩላሊቱ ሽፋን ወጥቶ እንደ ሆነ፣ ዙሪያውን ያለውን ስብ አልፎ እንደ ሆነ፣ ጉበቱን ወይም ደም ሥሩን ይዞ እንደ ሆነ ነው። ቀዳጁ ሐኪም ቢላ የሚያነሣውም የሚያስቀምጠውም በዚያ መልስ ነው።

ችግሩ፣ ግራ ኩላሊቴ አሁን ለሁለት እየሠራ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ እሱን ሊጎዳው ይችላል። ቀድመው በደም ሥሬ ፈሳሽ ሰጥተው፣ ደሜን ደግመው አይተው ሊያነሡኝ አስበዋል።

እውነት እንነጋገር ከተባለ እኔ ላልነሣ ነው ያሰብሁት። መልሱ ጉበት ከሆነ፣ ደህናውን ኩላሊቴን አበላሽቼ ከምመጣ እንዳለሁ ልምጣ። ገናን ከእናንተ ጋር ልዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይሁን። ምስሉን ሳልነሣ ብመጣ ትቀየሚኛለሽ?

ይርጋ


መርሳ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይርጋ፣

መንገዱ ተዘግቶ ደብዳቤህ ከአብዱልሐሊም ጋር ኮምቦልቻ ሰንብቶ ዛሬ ደረሰኝ። እሱ ሞተር አስነሥቶ ደጅ ቆሞ ስለሚጠብቀኝ ባጭሩ ልመልስልህ።

አዎ፣ እቀየምሃለሁ።

ሳታውቅ ከመጣህ እኔ ጠዋት ማታ ፊትህን እያየሁ የምገምት ሴት መሆኔ ነው። ትንሽ ስትበላ፣ ጎንህን ስትይዝ፣ ስትስቅ እንኳ ልገምት ነው። እማማን እየዋሸሁ አንተን እየገመትሁ መኖር አልችልም፤ አንዱ ይበቃኛል። ጉበትም ከሆነ ጉበት ነው ተባብለን አብረን እንወቀው። ያን ጊዜ ና፤ እኔው መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልሃለሁ። ሳትነሣ ከመጣህ ግን በመጣህበት መኪና እመልስሃለሁ። ቀልድ አይደለም።

የሐኪሞቹን ፍርሃት ንቄ አይደለም። ቀድመው ደምህን ካዩ፣ ፈሳሽ ከሰጡህ፣ የሚችሉትን አድርገዋል ማለት ነው። አንተም የምትችለውን አድርግ።

ቁጣዬን ይቅር በለኝ። ጋቢህን ልኬልሃለሁ፤ የዚያ አገር ብርድ ክፉ ነው ይላሉ።

አስካለ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስካልዬ፣

ተነሣሁ።

አልጋው ትልቅ ቀለበት ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። መድኃኒቱ በክንዴ ሲገባ ከጉሮሮዬ ጀምሮ ሙቀት ወረደኝ፤ ሱሪዬን ያረጠብሁ መስሎኝ አፈርሁ። ሁሉም ሰው እንደዚያ እንደሚመስለው በኋላ ነገሩኝ። «አየር ሳብ፣ ያዝ፣ አትተንፍስ» ይላል የማሽኑ ድምፅ። ስይዘው አንቺ የምትይኝ ነገር ሁሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። ስለ ፈራንለት ግራ ኩላሊቴ ደግሞ፣ ደሜን ደግመው አይተውታል፤ አልተጎዳም።

ጉበቴ ነፃ ነው። በጉበቱና በእጢው መካከል ቀጭን ጥቁር መስመር አለች፤ ስብ ናት። ዶክተር ህሊና ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶዋ ጫፍ ተከተለቻት። «ገፍቶታል እንጂ አልገባበትም» አለች። እኔም አየኋት፣ አስካለ። ካንቺ ቀጥሎ በሕይወቴ እንደዚያች መስመር ያማረ ነገር አላየሁም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ሁለተኛ አልደብቅሽም።

እጢው ወደ ኩላሊቱ ደም ሥር ምላስ አውጥቷል። የቀኙ ደም ሥር አጭር ነው፤ ወደ ልብ የሚወጣው ትልቁ ሥር ውስጥ ነው የሚፈስሰው። ምላሱ መግቢያው ላይ ቆሟል። እዚያ ከቆየ፣ ኩላሊቱን አውጥተው ምላሱንም አብረው ይስቡታል። ሽቅብ ከሄደ ሥራው ይከብዳል። ሲነካኩት ቁራጭ ተነሥቶ ሳንባ ከገባ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ልቀር እችላለሁ። ቀዳጁን «ባልቀደድስ?» አልሁት። «ማደጉን አይተውም» አለኝ። ልቀደድ ተስማምቻለሁ። አልጋ እስኪለቀቅ እየጠበቅሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። እናቴ ሳትመርቀኝ መንገድ እንኳ ወጥቼ አላውቅም። ስመጣ ግንባሬን ስማ መርቃኛለች፤ የመረቀችው ግን ዕቃ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ነው። በዚያ ምርቃት ቢላ ሥር ልተኛ? ብትነግሪያት ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ እንኳን ይህን ተሸክማ ራሷን መሸከም ያቃታትን ሴት ብንገድላትስ? እንደ ወደድሽ አድርጊ አልልሽም፤ እሱም ሸክም ነው። ምከሪኝ።

ይርጋ


መርሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይርጌ፣

ትናንት ገብርኤል ነበር። ምክር ልጽፍልህ ተቀምጬ ሳለሁ ነገሩ ከእጄ ወጣ።

ጎረቤታችን ጥሩወርቅ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማማን ልትጠይቅ ገባች። ስለ መንገዱ፣ ስለ ገበያው ተጫወትን። ስትወጣ እማማ «ዝጊውና ነይ» አሉኝ። ዘጋሁት።

«ልጄ ሞቷል?» አሉኝ።

እንዲህ ነው ያሉት፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። ደንግጬ «እማማ፣ ምን ማለትዎ ነው» ስል እጄን ያዙኝ።

«አባቱ ደሴ ሆስፒታል ሲሞት አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሬሳው እስኪመጣ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ብለው እኔን ደበቁኝ። እነሱ መርዶ ነጋሪ ሲመርጡ እኔ ስንቅ እቋጥርለት ነበር። ያን ጊዜም የሚገቡ የሚወጡት ሁሉ ስለ ገበያ ያወሩኝ ነበር። ሞቶ ከሆነ ንገሪኝ።»

«አልሞተም፣ ታሟል» አልሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው። ኩላሊቱን፣ ጉበቱን፣ መስመሯን፣ ደም ሥሩን። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ማልቀሱን እኔ ነኝ ያለቀስሁት። በመጨረሻ «ያ ምላስ የሚሉት ልቡ ዘንድ ደርሷል?» ብለው ጠየቁ። «ገና ነው» አልሁ። ቀጥለው ደግሞ ተቆጡ፤ በሕመሙ እንዳይመስልህ፣ «ያለ እኔ ጸሎት ነው የላካችሁት?» ብለው ነው።

ምርቃቱን እንደ ተናገሩት ጽፌዋለሁ፦ «የሚያዩህን ዓይናቸውን ያብራላቸው። የሚነኩህን እጃቸውን ያርጋላቸው። በእግርህ ያውጣህ፣ በእግርህ ያስገባህ። ልጄ፣ መታመምህን አውቄ መርቄሃለሁ።»

እኔንም አስምለውኛል። ከእንግዲህ በጎም ይሁን ክፉ፣ ቀድመው የሚሰሙት ከእኔ አፍ ነው።

አስካለ


አዲስ አበባ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስካልዬ፣

ምርቃቱን በደረት ኪሴ ይዣለሁ። ኤርሚያስ አንብቦት ውጭ ወጣ፤ ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ከገና ወዲህ ብደውል ብደውል አይገባም። ስለዚህ ያለሁበትን ልጻፍልሽ። አልጋ ትናንት ተገኘ። ቀዳጁ ግን የደሴውንም የታኅሣሡንም ምስል አስቀምጦ «በከረመ ምስል አልቀድም፤ ያ ነገር በዚህ ሁሉ ጊዜ የት እንደ ደረሰ ልወቅ» አለ። እንደገና ተነሣሁ። ልክ ነበር። ምላሱ ሽቅብ ሄዷል። ትልቁ ሥር ውስጥ ገብቷል፤ ከጉበት የሚመጡት ሥሮች ዘንድ ግን አልደረሰም። ዶክተር ህሊና ራሷ ቀዳጁን ጠርታ ጫፉ የት እንደሚያልቅ አሳየችው። ከየት በላይ ትልቁን ሥር ማሰር እንዳለባቸው በዚያ ነው የሚያውቁት። አሁን የደም ሥር ቀዳጅ ሌላ ሐኪምም አብሮ ይገባል።

ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው።

ፈርቻለሁ። ለኤርሚያስ አልነገርሁትም፣ ላንቺ ግን ብናገር ይቀለኛል። ያልተመለስሁ እንደ ሆነ ጋራዡን ብሩክ ይያዘው፤ ቤዛዊትን ትምህርቷን እንዳታቋርጪያት። እናቴን ሰው ሳይቀድምሽ አንቺው ንገሪያት። ሌላ የምለው ብዙ ነበረኝ፤ የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ያንቺው ይርጋ


ወልድያ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይርጋዬ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። መርሳ ስልክ የለም። ወልድያ ይሠራል ሲሉኝ ዛሬ በጠዋት ተሳፍሬ መጣሁ። ከመናኸሪያው እስከ ፒያሳ ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ስዞር የባጃጅ ሹፌሮች እብድ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። እዚህም የለም።

ያልኸው ጠዋት አልፏል። አንተ አሁን አንዱን ሆነሃል። ኤርሚያስ ያውቃል፣ ሐኪሞቹ ያውቃሉ፣ የማላውቀው እኔ ነኝ። ይህን የሚያነበው አንተ ትሁን ኤርሚያስ ስለማላውቅ ምን ዓይነት ቃል እንደምጽፍ ግራ ገብቶኛል። አንተ ከሆንህ፣ ስላስገደድሁህ አትቀየመኝ። ኤርሚያስ ከሆንህ፣ ወንድሜ፣ እኔ እስክደርስ ምንም አታድርጉ።

የዛሬው አውቶቡስ ሞልቷል። ይህን ለሹፌሩ እሰጠዋለሁ። ነገ መርሳ ላይ እንዲያነሡኝ ለምኜ ተስማምተዋል። ጥሩወርቅ እማማንና ቤዛዊትን ትይዝልኛለች። እማማ ራሳቸው ናቸው «ሂጂ» ያሉኝ። መንገዱ ክፍት ይሁን እንጂ እመጣለሁ።

አስካለ


አዲስ አበባ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለእማማ ማሚቴ፣

ጥሩወርቅ ሆይ፣ ይህን ሳታስቀሪ እንዳለ አንብቢላቸው።

እማማ፣ ይርጋ በሕይወት አለ።

ይህን ካስቀደምሁ ሌላውን በተራው ልንገርዎ። ጠዋት የገባ ከሰዓት በኋላ ነው የወጣው። ብዙ ደም ፈስሶታል፤ ኤርሚያስም የሥራ ጓደኞቹም ሰጥተዋል። ኩላሊቱን አውጥተውታል። ያ ምላስ ምስሉ ባሳየው ቦታ ነበር፣ ሳይቆረስ ሙሉውን መጣላቸው። ጉበቱም ነፃ ነበር። ቀዳጁ ሲነግረኝ ደክሞት ግድግዳ ተደግፎ ነበር።

አሁን የሚከብደውን ልንገርዎ፣ አስምለውኛልና። ከኩላሊቱ በስተጀርባ ካንሰሩ ሽፋኑን በስቶ ስቡ ውስጥ ገብቶ ነበር። ይህን ምስሉ አላሳየም። ዶክተር ህሊናን ጠየቅኋት። «ስለ ጉበቱና ስለ ደም ሥሩ ልክ ነበርን፤ ስቡ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር ብዙ ጊዜ ያመልጠናል። አለ ስንል ይጠፋል፣ የለም ስንል ይገኛል» አለችኝ። ያን ስብ ከነኩላሊቱ ጠራርገው አውጥተውታል። ናሙናው ለምርመራ ተልኳል። በየሦስት ወሩ እየመጣ ምስል ይነሣል። ተመልሶ ይመጣ እንደ ሆነ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም። ይድናል ብዬ ብጽፍልዎ መሐላዬን ማፍረሴ ነው፤ አይድንም ብልም እንዲሁ።

ስገባ ነቅቶ ነበር፤ አየኝ። ትንሽ ትኩሳት አለው። ዛሬ ሁለት ሰዎች ደግፈውት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

እኔ የማውቀው ይኸው ነው። እርስዎም አሁን ያን ያህል ያውቃሉ።

ልጅዎ አስካለ


መርሳ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካለ፣

የምጽፈው እኔ ጥሩወርቅ ነኝ፤ ቃሉ የእማማ ማሚቴ ነው።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሲነበብልኝ አለቀስሁበት፤ ሲደገምልኝ ሰማሁት። እንዳልሽው አንድም አልቀረም፤ ጥሩወርቅ የስቡን ነገር ልትዘል ስትል ድምፅዋ ስለ ተሰበረ አስደግሜያታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ እንድልሽ አትጠብቂ። ዳሌዬ ያመኛል፤ ሌሊት ሌሊት ይብሳል። አንቺ ሳለሽም ያመኝ ነበር፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ዝም ያልሁት። ጥሩወርቅ ስታዞረኝ እጇ ይከብዳል። ይህንንም ጻፊ ብያት ይኸው እየጻፈችው ነው። ቤዛዊት ግን በርትታለች። በጥምቀት አልጋዬን ወደ በሩ አስጠግተውልኝ ታቦቱ ሲያልፍ አየሁ።

ቶሎ ልምጣ እንዳትዪ። እስኪቆም ድረስ አብረሽው ሁኚ። ሦስት ወር ሲሞላም ምስሉን አብረሽው ሄደሽ አስነሺው፤ ብቻውን ከገባ ብቻውን ይሰማና ደግሞ መስኮት መስኮት እያየ ይመጣል። የተባለውን አንቺ ጽፈሽ ላኪልኝ። ካለሁ እሰማዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ዘልለሽብኛል። «ስገባ ነቅቶ ነበር፤ አየኝ» ብለሽ ወደ ትኩሳቱ አለፍሽ። ሲያይሽ ምን አለ? አልቅሶ ከሆነም፣ ተቆጥቶ ከሆነም፣ ጻፊልኝ።

እናትሽ ማሚቴ